የልጁ እግር የት ያርፋል? የአራት መመገቢያ ወንበሮች ግምገማ

ባለፉት አምስት ዓመታት አራት ዓይነት የሕፃን መመገቢያ ወንበር ቤታችን ገብቷል። የመጀመሪያው ስፖንጅ የሞላው፣ ጎማ ያለው ትልቅ ሃይ ቼር (ለብቻው የሚቆም ረጅም የሕፃን ወንበር) ነው። ሁለተኛው ትልቅ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ የሚታሰር ቡስተር። ሦስተኛው የጠረጴዛ ጠርዝ ጨብጦ የሚንጠለጠል መቀመጫ። አራተኛው ደግሞ ልጁ ባደገ ቁጥር መቀመጫውና የእግር ሰሌዳው የሚስተካከል የእንጨት ወንበር። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ አምስት ዓመት ሞልቷታል። ትንሹ አንድ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ አስቀምጬ፣ አብልቼ፣ አንስቼ፣ ወንበሩን አጥቤ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያውን ስገዛ ዓይኔ ያረፈው ምቾቱ ላይ ነበር። ወፍራም ትራስ፣ ወደ ኋላ የሚጋደም መደገፊያ፣ ከሥሩ የዕቃ ቅርጫት፣ አራት ጎማ። ለልጄ ከዚህ የተሻለ የለም ብዬ ነው የወሰድኩት። የእግር ማሳረፊያውን ግን ዞር ብዬም አላየሁት። ዛሬ አንዲት ጓደኛዬ «የትኛውን ልግዛ?» ብላ ስትጠይቀኝ መጀመሪያ የምመልስላት ጥያቄ «እግሩ የት ያርፋል?» የሚል ነው።

ነገሩ የገባኝ ልጄ ሰባት ወሯ ላይ ነው። ምግብ ከጀመረች አንድ ወር ገደማ ሆኗታል። ወንበሩ ላይ ሳስቀምጣት ለጥቂት ደቂቃ ደህና ትሆንና ወደ ቀኝ ትዘማለች። አቃናታለሁ፣ ተመልሳ ትዘማለች። ከዚያ ጀርባዋን ወደ ኋላ ለጥጣ ታለቅሳለች። ምግቡን የጠላችው መስሎኝ ዛሬ ሙዝ፣ ነገ ድንች፣ ከነገ ወዲያ ካሮት እያልኩ እቀያይርላት ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ልትጠይቀን መጥታ አጠገባችን ቁጭ ብላ ታየናለች። ብዙም አላወራችም። «እስኪ እግሯን እዪው» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለቱም እግሮቿ አየር ላይ ይወዛወዛሉ። የእግር ማሳረፊያ አለው፤ ግን ከውስጥ እግሯ አንድ ስንዝር ሙሉ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። እናቴ ሁለት መዳፏን ከታች ዘርግታ እግሯን አሳረፈችላት። ልጄ ወዲያው ወገቧን ቀጥ አደረገች። ትሪው ላይ የነበረውን ቁራጭ ሙዝ አነሳች። አፏ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ እናቴን ቀና ብላ አየቻት። እናቴም ልጅቷ በልታ እስክትጨርስ እጇን አላነሳችም።

ያን ዕለት ማታ አንድ የጫማ ካርቶን በጋዜጣ ጠቅጥቄ ሞላሁት። በሰፊ ፕላስተር ጠቅልዬ የእግር ማሳረፊያው ላይ አሰርኩት። ካርቶኑ መልኩ አያምርም ነበር፣ ግን ሥራውን ሠራ። በሚቀጥለው ቀን ልጄ ሳትዘም በልታ ጨረሰች። ምግቡ የትናንቱ ነው፣ ወንበሩም ያው ነው። የተለወጠው እግሯ ያረፈበት ቦታ ብቻ ነው።

ማመን ያቃተው ሰው ራሱ ላይ ይሞክረው። እግር የማይደርስበት ረጅም ዱካ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ሳህን ምግብ ብሉ። ትንሽ ቆይታችሁ መቁነጥነጥ ትጀምራላችሁ፣ እግራችሁ መደገፊያ ይፈልጋል። ሕፃን ደግሞ መቀመጥን ገና እየተማረ ነው። እግሩ ካልተደገፈ ጉልበቱ ሁሉ ላለመውደቅ ይሄዳል። ለእጁና ለመንጋጋው የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሕፃናትን ምግብ በማስለመድ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሦስት ቦታ ላይ ዘጠና ዲግሪ ፈልጉ ይላሉ፦ ዳሌው ላይ፣ ጉልበቱ ላይ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ። በመለኪያ ካልለካሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ጉልበቱ መቀመጫው ጫፍ ላይ ይታጠፍ፣ ውስጥ እግሩም ጠንካራ ነገር ይርገጥ። ይህ ካለ ይበቃል።

ከእግሩ ቀጥሎ የማየው የመቀመጫውን ጥልቀት ነው። መቀመጫው ወደ ውስጥ ከረዘመ የልጁ ጉልበት አይታጠፍም፤ ወይ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል ወይ ወገቡ ይጎብጣል። ለጊዜው ትንሽ ፎጣ አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ ከጀርባው ብታደርጉለት ወደ ፊት ይመጣል። የትሪውም ከፍታ እንዲሁ መታየት አለበት። ልጁ ትከሻውን ሳያነሳ ክርኑ ትሪው ላይ ማረፍ አለበት። የኔ የመጀመሪያው ወንበር ትሪ ልጄ ደረት ጋ ይደርስ ነበር። ምግቧን ለማየት አገጯን ታነሳ ነበር፣ ክንዷም እንደ ክንፍ ወደ ጎን ይከፈት ነበር።

መቼ ነው የሚጀመረው ለሚለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ተጨማሪ ምግብ ስድስት ወር ገደማ ላይ እንዲጀመር ይመክራል። ለወንበሩ ግን ዕድሜው ብቻ አይበቃም። ልጁ አንገቱን በደንብ መያዝ አለበት፣ ጥቂት ደገፍ ሲደረግም ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። ወደ ኋላ የሚጋደም መደገፊያ ያለው ወንበር ስታዩ «ታዲያ ቀደም ብዬ ልጀምርለት» የሚል ሐሳብ ሊመጣባችሁ ይችላል። እባካችሁ ተዉት። ተጋድሞ የሚበላ ልጅ ምግቡ ሳያስበው ወደ ጉሮሮው ሊንሸራተትና ሊያንቀው ይችላል። እኔ መጋደሚያውን የተጠቀምኩት ምግብ ሳበስል ልጄ አጠገቤ ሆና እንድታየኝ ብቻ ነው። ለዚህ ብቻ ከሆነ ያን ሁሉ ግዙፍ ዕቃ ቤት ማስገባት አያስፈልግም ነበር።

አሁን ስለ ቀበቶ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ልጄን ላጣው የነበረበት ቀን ስላለ ነው።

ትንሹ ልጄ አሥራ አንድ ወሩ ነበር። ቡስተሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ትሪውን ቀጭ አድርጌ ገጠምኩት። ቀበቶውን አላሰርኩም፤ ትሪው ይይዘዋል ብዬ ነው። ማንኪያ ለማውጣት ወደ መሳቢያው ዞርኩ። ሁለት እርምጃ ብትሆን ነው። ስመለስ ልጄ መቀመጫው ላይ በሁለት እግሩ ቆሟል። አንድ እጁ የወንበሩን መደገፊያ ይዟል፣ ሌላው እጁ ወደ እኔ ተዘርግቷል። ደስ ብሎት ይስቃል። ማንኪያውን ጥዬ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ብብቱን ይዤ ሳነሳው ወንበሩ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ግድግዳውን መታ። ደረቴ ላይ ይዤው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እጄ ለረጅም ጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2010 የነበረውን መረጃ የመረመረ ጥናት አለ። በዓመት በአማካይ ከ9,400 በላይ ሦስት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ሕፃናት ከሃይ ቼር ጋር በተያያዘ ጉዳት ድንገተኛ ክፍል ይታከሙ እንደነበር ይገልጻል። ከአሥሩ ከዘጠኝ የሚበልጡት የወደቁ ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚመታውም ጭንቅላታቸው ነው። ከመውደቃቸው በፊት ምን ያደርጉ እንደነበር ከታወቀላቸው ልጆች ውስጥ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ወንበሩ ላይ ቆመው ወይም እየተንጠላጠሉ ነበር። ልክ እንደኔ ልጅ።

ስለዚህ ትሪውን እንደ ቀበቶ አትቁጠሩት። ትሪ ምግብ ማስቀመጫ ነው። ልጅ ገፍቶ ሊያስለቅቀው ይችላል፣ ከሥሩም ሊሾልክ ይችላል። ልጁን የሚይዘው ቀበቶው ነው። በተለይ በሁለት እግሮቹ መሃል የሚያልፈው ክፍል ወሳኝ ነው፤ ወደ ታች ተንሸራትቶ አንገቱ ትሪው ላይ እንዳይያዝ የሚከለክለው እሱ ነው። ባለ ሦስት ነጥቡ ቀበቶ ወገቡንና በእግሮቹ መሃል ይይዛል። ባለ አምስት ነጥቡ በዚያ ላይ ሁለቱን ትከሻዎች ይጨምራል። እኔ ባለ አምስቱን ነው የምመርጠው። መቆም ለጀመረ ልጅ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ባለ ሦስት ነጥቡን ጠበቅ አድርጋችሁ ብታስሩትም ቀልጠፍ ያለ ልጅ ተጠማዞ ሊወጣ ይችላል።

ቀበቶ ስትሞክሩ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ በደረቅ እጅ አንዴ ከፍታችሁ «ይሠራል» ብላችሁ አትሂዱ። ቤት ውስጥ የምትከፍቱት በአንድ እጅ ልጅ ይዛችሁ ነው። እጃችሁ ደግሞ ምግብ የነካው፣ የሚያንሸራትት ነው። ዘለበቱ ለእናንተ ቀላል፣ ለልጁ ጣት ግን ከባድ መሆን አለበት። የኔ የመጀመሪያው ወንበር ዘለበት ከጊዜ በኋላ ምግብ ገብቶበት ደረቀና ቀጭ ማለት ተወ። የተዘጋ ይመስላል፣ ግን አልተዘጋም። ሞቅ ባለ ውሃ ነክሬ በጥርስ ብሩሽ ከፈተግኩት በኋላ ነው የተስተካከለው። እስካሁን ዘለበት ከዘጋሁ በኋላ አንዴ ሳብ አድርጌ ሳላረጋግጥ አላልፍም።

ሌላው ሁላችንም የምንረሳው ወንበሩ የሚቆምበትን ቦታ ነው። ልጅ እግሩ ጠረጴዛ ወይም ግድግዳ ካገኘ ይገፋል። ጉልበቱን አትናቁት። ሃይ ቼሩን ከጠረጴዛው፣ ከግድግዳውና ከኩሽና ባንኮኒው ራቅ አድርጉት። ጎማ ካለው መቆለፉን እዩ። እኔ ጎማውን የተጠቀምኩት ወንበሩን ከኩሽና ወደ ሳሎን ለመግፋት ነበር፣ ያውም ልጄ ሳትቀመጥበት ነው። ብትተዉት አይጎድልባችሁም።

ጽዳቱን አሁን ላምጣው። ማንም ሲሸጥልኝ አልነገረኝም።

የመጀመሪያውን ወንበር ከገዛሁ በአራተኛው ወር ከኩሽና ጥግ ደስ የማይል ሽታ መጣ። ቆሻሻ መጣያውን አጠብኩ፣ ወለሉን አጠብኩ፣ ሽታው አልሄደም። ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ወንበሩን ገለበጥኩት። ከትራሱ ሥር፣ ስፌቱ ውስጥ፣ እርጎ ደርቆ እንደ ኖራ ተጋግሯል። ቀበቶው በሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ የድንች ፍርፋሪ ታጭቋል። ትሪው የሚንሸራተትበት ቦይ ውስጥ ደግሞ ቡናማ የሆነ፣ የሚያጣብቅ ነገር አለ። የሙዝ ይመስለኛል። ባለቤቴ ካቻቪቴ አመጣ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታን፣ የጥርስ ብሩሽና የጥርስ እንጨት ይዘን እስከ እኩለ ሌሊት ስንፈትግ ቆየን። ትራሱ በእጅ እንጂ በማሽን አይታጠብም ይላል። አጥበን ሰቀልነው፣ ውስጡ ያለው ስፖንጅ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ፈጀ። ሁለቱን ቀን ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አበላኋት።

ከዚያ ወዲህ ወንበር ሳይ ጎንበስ ብዬ ከሥር ነው የማየው። ስፌት ስንት ቦታ አለው? ጣት የማይገባበት ስንጥቅ አለው? ቀበቶው ወጥቶ ይታጠባል ወይስ ተሰፍቶ ቀርቷል? ትሪው ላይ ሌላ ሁለተኛ ትሪ ተደርቦ ይመጣል? ተደራቢው ቢኖር ጥሩ ነው፤ አንስቶ ሳህን ማጠቢያው ውስጥ መክተት ይቻላል። ነገር ግን ከመግዛታችሁ በፊት ማጠቢያችሁን አስቡት። አንዳንዱ ትሪ በጣም ሰፊ ስለሆነ ማጠቢያው ውስጥ አይገባም፤ ጋደም አድርጋችሁ ስታጥቡ ውሃው ሁሉ እግራችሁ ላይ ነው።

ትራስ ያለውና የሌለው ወንበር ላይ ልጆቼ ሲቀመጡ የምቾት ልዩነት አላየሁም። ሕፃን ጠረጴዛ ላይ የሚቆየው ቢበዛ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ልሙጥ ፕላስቲክ ወይም ልሙጥ እንጨት ይበቃዋል። በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ጠረግ ታደርጉታላችሁ፣ አለቀ።

ወደ ቡስተሩ ልምጣ። ቤቱ ጠባብ ለሆነ ሰው፣ ወይም ወዲያ ወዲህ ለሚል ሰው፣ ቡስተር በጣም ጥሩ ነገር ነው። እየተናገርኩ ያለሁት ስለ ምግብ ጠረጴዛ ቡስተር ነው። ለመኪና የሚሆነው ቡስተር ሌላ ዕቃ ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ስማቸው አንድ ስለሆነ ሰዎች ሲምታታባቸው አይቻለሁ።

ቡስተሩ የሚቀመጠው ትልቅ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ነው። ሁለት ማሰሪያ አለው። አንዱ በወንበሩ መደገፊያ ዙሪያ ይታሰራል፣ ሌላው ከመቀመጫው ሥር ያልፋል። ሁለቱንም እሰሩ። ሁለቱንም የምለው አንዱ ብቻ ታስሮ ስላየሁ ነው። የኋላው ብቻ ከታሰረ ልጁ ወደ ፊት ሲዘነበል ቡስተሩ ከወንበሩ ላይ አብሮት ይነሳል። ካሰራችሁ በኋላ ሁለት እጃችሁን አሳርፋችሁ ወደ ጎንና ወደ ፊት ናጡት። ቡስተሩ ከወንበሩ ተለይቶ ከተንቀሳቀሰ እንደገና አጥብቁት።

የሚታሰርበት ወንበር ራሱ መመረጥ አለበት። መደገፊያ የሌለው ዱካ አይሆንም። የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር አይሆንም። የሚታጠፍ ወንበርም አይሆንም። ወፍራም ትራስ ያለው ወንበር ከሆነ ትራሱን አንሱት፤ ካልሆነ ማሰሪያው ትራሱ በተጨፈለቀ ቁጥር ይላላል። ከላይ የነገርኳችሁ ቀን ወንበሩ ወደ ኋላ የተንገዳገደው አንዱ ምክንያት ወንበሩ ራሱ ቀላል ስለነበር ነው። ከዚያ በኋላ ያሰርነው እግሩ ሰፋ ያለ፣ ከባድ የእንጨት ወንበር ላይ ነበር።

የቡስተሩ ትልቁ ጉድለት ያው እግር ነው። አብዛኛው ቡስተር የእግር ማሳረፊያ የለውም። ትልቅ ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ የትንሽ ልጅ እግር አንዳንዴ የትልቁን ወንበር መቀመጫ ጫፍ ያገኛል፣ አንዳንዴ አያገኝም። እኛ ከፊት ለፊቱ አንድ ጠንካራ ዱካ አስጠግተን ሞከርን። ልጄ እግሩን አሳረፈ፣ ግን ዱካውን ሲገፋው ወንበሩ ወደ ኋላ ማለት ጀመረ። ወዲያው አነሳሁት። ከዚያ የወንበሩ የፊት እግሮች ላይ አግድም ጣውላ በብሎን መታንበት። ይህ ነው የያዘው። ቡስተር የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት ጥሩ ነው። ከተቻለ ደግሞ ቡስተሩን ብቻውን በደንብ መቀመጥ ለሚችል፣ ከፍ ላለ ልጅ አቆዩት። የስድስት ወር ልጅ ቡስተር ላይ ይንሸራተታል።

ጠረጴዛ ላይ ስለሚንጠለጠለው ብዙ አልልም። ቀላል ነው፣ ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ለጉዞ ተጠቅመንበታል፣ ወደነዋልም። የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ግን አይሆንም። መሃሉ ላይ አንድ እግር ብቻ ባለው ጠረጴዛ ላይም አይሆንም፤ ጠረጴዛው ሊገለበጥ ይችላል። የጠረጴዛ ልብስ ካለ አንስታችሁ ነው የምትገጥሙት። ከሥሩም ወንበር አታስቀምጡ፣ ልጁ ረግጦ ራሱን ገፍቶ ሊያስለቅቅ ይችላል። እግሩ አየር ላይ ስለሚቆይ ለዘወትር አልመክረውም።

አራተኛው፣ የእንጨቱ ወንበር፣ ቤታችን የቀረው እሱ ነው። የዚህ ዓይነት ወንበር ታሪኩ ልቤን ይነካል። ፒተር ኦፕስቪክ የሚባል ኖርዌያዊ ዲዛይነር ነው ያመጣው። ልጁ ከሃይ ቼሩ በላይ አድጎ የቤተሰቡ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ያየዋል። ከዚያ ተነስቶ መቀመጫውም የእግር ሰሌዳውም ከፍ ዝቅ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ የሚል ወንበር ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1972 ስቶከ የተባለው ኩባንያ «ትሪፕ ትራፕ» ብሎ ገበያ ላይ አወጣው። ይህን ያነበብኩ ቀን እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ከታች የዘረጋቻቸው መዳፎቿ።

እኛ ያለን የዚያ ዓይነት አሠራር ያለው፣ ሌላ አምራች የሠራው ነው። ሁለት የቆሙ የእንጨት ጎኖች አሉት፣ በውስጣቸው በኩል ቦይ በቦይ ተቆርጠዋል። መቀመጫውና የእግር ሰሌዳው እዚያ ቦይ ውስጥ ገብተው በብሎን ይጠብቃሉ። ልጁ ሲያድግ ሰሌዳውን አንድ ቦይ ታወርዳላችሁ። ጠረጴዛው ጋ ጠጋ ብሎ ከቤተሰቡ ጋር ነው የሚበላው። ለትንሽ ሕፃን መያዣው፣ ቀበቶውና ትሪው ለብቻ የሚገዙ መሆናቸውን ግን እወቁ። ዋጋውን ስታሰሉ ወንበሩን ብቻ ሳይሆን እነሱንም ደምሩ። ሌላም አለ። ይከብዳል። አይታጠፍም። ብሎኖቹም በጊዜ ሂደት ይላላሉ፤ እኔ በየወሩ አንዴ አጠብቃቸዋለሁ። እንጨቱ ላይ እርጥብ ነገር ለረጅም ጊዜ ከቆየ ቀለሙ ይነሳል። የኛው የእግር ሰሌዳ ላይ ነጣ ያለ ክብ ምልክት አለ፣ ሌሊቱን የተረሳ እርጥብ ጨርቅ የተወው ነው።

ያገለገለ ለምትገዙ፣ እኔ በሐሳቡ እስማማለሁ። ልጅ ወንበሩን የሚጠቀምበት ጊዜ አጭር ነው፣ ብዙ ጥሩ ወንበር ያለ ሥራ ተቀምጧል። ሦስት ነገር ግን ሳላይ አልወስድም። ቀበቶው ሙሉ ነው? ብዙ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው የእግር መሃሉ ማሰሪያ ነው። ሁሉም ብሎን አለ? የሚታጠፍ ከሆነስ ሲከፈት ቆልፎ ይቆማል ወይስ ገፋ ሲያደርጉት ይታጠፋል? ከዚያ የሞዴሉን ስም ይዛችሁ አምራቹ በደህንነት ምክንያት ከገበያ የሰበሰበው እንዳይሆን ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

አዲስ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ወይም ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡት። የአውሮፓው የሃይ ቼር ደረጃ ኢኤን 14988 ይባላል። ወንበር ላይ ለሚታሰረው ቡስተር ኢኤን 16120፣ ጠረጴዛ ላይ ለሚንጠለጠለው ኢኤን 1272 ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሃይ ቼር ኤኤስቲኤም ኤፍ404 የሚባለው አለ። ከነዚህ አንዱ የተጻፈበት ወንበር ቢያንስ መረጋጋቱና ማሰሪያው የሚፈተንበት መስፈርት አለው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ወንበሩ የሚችለው የልጅ ክብደትም ይጻፋል። የልጃችሁን ኪሎ አውቃችሁ ሂዱ።

ምረጪ ብትሉኝ? አንድ ወንበር ብቻ መግዛት የምትችሉና ቦታ ያላችሁ፣ የእግር ሰሌዳው የሚስተካከለውን የእንጨት ወንበር ውሰዱ። ያ ከበዛባችሁ ልሙጥ ፕላስቲክ የሆነ፣ ትራስ የሌለው፣ እግሩን ሰፋ አድርጎ የቆመ ሃይ ቼር ውሰዱና የእግር ማሳረፊያ ራሳችሁ ሥሩለት። ቦታ የሌላችሁ ቡስተሩን ውሰዱ፣ ከባድ ወንበር ላይ እሰሩት። ስፖንጅ የሞላውን፣ ጎማ ያለውን ትልቁን ግን ሁለተኛ አልገዛውም።

ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጄ ጉልበቱ ከፍ ከፍ እያለ መምጣቱን አየሁ። ሰሌዳው አጥሮበታል። ብሎኑን ፈትቼ አንድ ቦይ ዝቅ አደረግኩለት። እህቱ ከሥር ተንበርክካ ሁለቱን የውስጥ እግሮቹን በጣቷ እየነካች «ደርሷል፣ እማዬ፣ ደርሷል» አለችኝ።